የድንጋይን ስም ከዱቄቱ ጠይቁ

ዝናቡ ካባራ በኋላ ወንዝ ዳር ስሄድ አንድ ጥቁር ድንጋይ አየሁ። ጭብጥ ታህላለች። ሳነሳት ግን እጄን ወደ ታች ሳብ አደረገችው። በመጠን እኩያዋን ሌላ ድንጋይ በግራ እጄ ይዤ አመዛዘንኳቸው። የኔዋ እጥፍ ያህል ትከብዳለች። ቤት ገብቼ ኮምፓስ ሳስጠጋላት ቀስቱ ዘወር አለ። «ከሰማይ የወደቀች ናት!» አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ማንነቷን የነገረኝ አንድ ቁራጭ የወለል ሴራሚክ ነው። እሱ ላይ ከመድረሳችን በፊት ግን መጀመሪያ መደረግ ያለበትን ልንገራችሁ።

ድንጋዩን ከማንሳታችሁ በፊት እዚያው እንዳለ ፎቶ አንሱት፤ አጠገቡ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አስቀምጡ። ቦታውን ጻፉ። ዙሪያው ያሉት ድንጋዮች ይመስሉታል ወይስ ብቻውን ነው? ይህችን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘላታል። ጂኦሎጂስት ግን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሷን ነው። ወንዝ ዳር የተገኘ ድንጋይ ከሩቅ ተንከባሎ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከገደል ላይ የተፈነቀለ ግን ቤቱ እዚያው ነው። ወዲያው መዶሻ ማንሳትም ይቅርባችሁ። የተሰበረ አይመለስም።

ቀለሙን ለጊዜው እርሱት። ፀሐይና ዝናብ የመታው ድንጋይ ላዩ ይዝጋል፣ ይጠቁራል፣ ይገረጣል። ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ብቻውን ነጭ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊና ጭስማ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ይልቅ የተሰበረ ጎኑን ፈልጉና በአጉሊ መነጽር እዩት። እንደ ባልጩት በቅስት ቅስት ተሰብሯል? እንደ ሚካ በስስ ንጣፍ ይላጣል? ወይስ የኖራ ድንጋይ እንደሚሠራበት ማዕድን እንደ ካልሳይት ጎኖቹ ሁሉ ያዘነበሉ፣ ለስላሳ ገጽ አለው?

ቀጥሎ ጥንካሬ ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ በ1812 ያወጣው መለኪያ ከ1 እስከ 10 ይሄዳል፤ 1 በጣም ለስላሳው ማዕድን ታልክ፣ 10 አልማዝ። ጥፍር 2.5 አካባቢ ነው። ቢላዋና መስታወት 5.5 አካባቢ። ኳርትዝ 7 ስለሆነ መስታወትን በቀላሉ ይጭራል፤ ካልሳይት ግን 3 ነውና አይችልም። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ለስላሳ ቢላዋ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ሲሄድ የራሱን ብረት ትቶ ያልፋል፤ ጭረት ይመስላል። ጣታችሁን አርጥባችሁ እሹት። ከለቀቀ የቢላዋው ነው፤ ካልለቀቀ ድንጋዩ ተጭሯል።

አሁን ወደ ሴራሚኩ። የሚያስፈልገው ያልተወለወለው ጀርባው ነው። የሴራሚክ ስኒ የታችኛው ሻካራ ቀለበትም ይሠራል። ድንጋዩን ጫን አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ጎትቱትና የተወውን ዱቄት እዩ። የላዩ ቀለም ይዋሻል፤ ዱቄቱ ግን እምብዛም አይዋሽም። ፓይራይት እንደ ወርቅ ያብረቀርቃል፤ ዱቄቱ ግን አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር ነው። የእውነተኛ ወርቅ ጭረት ያው ወርቃማ ቢጫ ነው። ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን ማግኔታይት ጥቁር ይተዋል። ከሴራሚኩ የጠነከረ ማዕድን ዱቄት አይተውም፤ ሴራሚኩን ራሱን ይቧጥጠዋል።

ያቺን ጥቁር ድንጋይ ስጎትታት ነጩ ሴራሚክ ላይ ቀይ ቡናማ መስመር ወጣ። የደረቀ ደም የሚመስል። ደግሜ ጎተትኩ፤ ያው ነው። ሄማታይት፣ የብረት ማዕድን ናት። ስሙ ራሱ በግሪክኛ ደም ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ሜትዮራይት፣ ማለትም ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ወይ ምንም አይተውም፣ ወይ ደብዛዛ ግራጫ ነው። የኮምፓሱን ቀስት ያዞረው ውስጧ የተቀላቀለ ጥቂት ማግኔታይት መሆን አለበት።

እርግጠኛ ለመሆን ክብደቷን ከይዘቷ ጋር አስተያየሁ። ይህን እናንተም በወጥ ቤት ሚዛን ትችላላችሁ። ድንጋዩን መዝኑ፤ የኔዋ 412 ግራም ወጣች። ከዚያ ውሃ ያለበት ሰፊ ኩባያ ሚዛኑ ላይ አድርጉና ንባቡን ዜሮ መልሱ። ድንጋዩን በክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የድንጋዩ ይዘት ነው፣ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር። የኔዋ 82 ነበረች። 412 ለ82 ሲካፈል 5 ገደማ ይመጣል። ኳርትዝ 2.65 ነው፤ ንጹህ ሄማታይት 5.3 ገደማ፤ የብረት ሜትዮራይት ከ7 እስከ 8።

ነጣ ያለ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ አንድ ጠብታ አቼቶ ጣል አድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ ካልሳይት አለበት፤ የኖራ ድንጋይ ወይም እብነ በረድ ሊሆን ይችላል። የኖራ ድንጋይ የሚመስለው ዶሎማይት ግን ካልተፈጨ በቀር እምብዛም አያረፋም።

ሜትዮራይት ነው ብላችሁ የምትጠረጥሩት ካለ ላዩ ላይ እንደ ጥቀርሻ የቀጠነ ጥቁር ቅርፊት ፈልጉ። አብዛኞቹ ውስጣቸው ፈካ ያለ ሆኖ ጥቃቅን የብረት ነጠብጣብ ይታይበታል። ቀዳዳ ቀዳዳ ከበዛበት ብዙውን ጊዜ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም ብረት ሲቀለጥ የወጣ ዝቃጭ ነው። ጠንካራ ማግኔት ግን አትለጥፉበት። ድንጋዩ ከጥንት ጀምሮ የያዘውን የማግኔት አሻራ ያጠፋዋል፤ ለተመራማሪ ትልቅ ኪሳራ ነው። ኮምፓስ ይበቃል።

እባካችሁ ድንጋይ አትቅመሱ። ጋሌና የሚባለው ማዕድን መርዛማው ብረት እርሳስ፣ ሲናባር የሚባለው ደግሞ ሜርኩሪ አለበት። እንደ ክር የሚበጠስ ማዕድን ካገኛችሁ አትፋቁት፤ አስቤስቶስ ከሆነ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። መዶሻ ካነሳችሁ መነጽር አድርጉ።

ይህ ሁሉ ካልፈታው የዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ክፍል ወይም የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጠይቁ። ስትጠይቁ ደረቁንና እርጥቡን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር ላኩ። የዱቄቱን ቀለም፣ ክብደቱን፣ የተገኘበትን ቦታ ጨምሩበት። የኔዋ አሁን መደርደሪያ ላይ ናት፤ ሥሯ ባለው ወረቀት ላይ «ሄማታይት፣ ጥቂት ማግኔታይት ያለው፣ ወንዝ ዳር» ብዬ ጽፌያለሁ። ሴራሚኩንም አጠገቧ አስቀምጬዋለሁ፣ ቀይ መስመሩ እንዳለ።