ሆሞሲስቲንን ማስመርመርና ማውረድ፦ ቢ12 መጀመሪያ፣ ፎሊክ አሲድ ቀጥሎ

ሆሞሲስቲን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። ከሥጋ፣ ከዓሣና ከጥራጥሬ የምናገኘው ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ሥራውን ሲጨርስ የሚተርፈው ትራፊ ነው ማለት ይቻላል። ጤነኛ ሰውነት ትራፊውን የሚያነሣባቸው ሁለት መንገዶች አሉት፦ በቢ12 እና በፎሌት ረዳትነት መልሶ ሜቲዮኒን ያደርገዋል፤ አለዚያም በቢ6 ረዳትነት ወደ ሌላ አሚኖ አሲድ ይለውጠዋል። ከቫይታሚኖቹ አንዱ ሲጎድል ትራፊው ደም ውስጥ ይከማቻል። መጠኑ ከፍ ባለባቸው ሰዎች ላይ የልብ ደም ቧንቧ መዘጋት፣ ስትሮክና የመርሳት ችግር በርከት ብሎ ይታያል። ይህን ነገር ከደም ቧንቧ ጉዳት ጋር መጀመሪያ ያያያዘው አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ኪልመር ማኩሊ ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ.።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚኖር ሰው የተዘጋጀ ነው።

ደረጃ 1፦ መመርመር ያለብዎት መሆኑን ይወስኑ

ሁሉም ሰው ሊመረመር አይገባም፤ ገንዘብ ማባከን ነው። ምርመራው የሚጠቅመው ዕድሜያቸው ከ60 ላለፈ፣ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት ለወሰዱ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ሳያቋርጡ ለሚውጡ፣ ከፍስክ ምግብ ለዓመታት ለራቁ፣ በወጣትነታቸው ስትሮክ ለመታቸው፣ እንዲሁም እግራቸውን የመደንዘዝና የመውረር ስሜት ለያዛቸው ነው።

ስለ እግር ከተነሣ፣ በደምቢያና በፎገራ ጓያ የሚበላበት አካባቢ አንድ ስሕተት መጠንቀቅ ያሻል። ጓያ የሚያመጣው ሽባነት እግርን ያደርቃል እንጂ የቆዳን ስሜት እምብዛም አይነካም። የቢ12 እጥረት ግን ያደነዝዛል፤ በጨለማ ወይም ዓይን ሲጨፈን ያንገዳግዳል። የጓያው አይመለስም፤ የቢ12ቱ በጊዜ ከተያዘ ይድናል። ስለዚህ «ጓያ ነው» ብሎ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ቢ12ን መለካት ነው።

ደረጃ 2፦ ርካሹን ምርመራ ያስቀድሙ

የሆሞሲስቲን ምርመራ በየላቦራቶሪው አይገኝም፤ ዋጋውም ከተራ የደም ምርመራ ይወደዳል። መጀመሪያ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የቢ12 መጠን፣ የኩላሊት ክሬአቲኒንና የታይሮይድ ምርመራ ያሠሩ። ኩላሊት ሲደክምና ታይሮይድ ሲያንስ ሆሞሲስቲን ከፍ ይላል፤ ያ ሰው ቫይታሚን ብቻ ቢውጥ ዋናው በሽታ ይዘነጋል። ቢ12 በሚሊሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ እጥረቱ ግልጽ ነው፤ ሆሞሲስቲን ሳይለካም ሕክምናው ይጀመራል። ምርመራው በእርግጥ የሚያስፈልገው ቢ12 በ200 እና በ300 መካከል ሲያወላውል ነው።

ደረጃ 3፦ ናሙናው እንዳይበላሽ ይቆጣጠሩ

ብዙ ውጤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደም ከተቀዳ በኋላም ቀይ የደም ሴሎች ሆሞሲስቲን ማውጣታቸውን አያቆሙም፤ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በመጋቢት ሙቀት ብልቃጡ በባጃጅ ከክሊኒክ ወደ ላቦራቶሪ ሲንከላወስ 12 የነበረው ቁጥር በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ 15 ሊገባ ይችላል። ጤነኛው ሰው ታማሚ ተብሎ ተመለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከውሃ በስተቀር ምንም ሳይቀምሱ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ደም ይስጡ። ዋዜማውን ሥጋ የበዛበት እራት አይብሉ። ደም ቀጂውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ብልቃጡ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጣል ወይ? ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሴሎቹ ይለያል ወይ? ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ መሄድ ያለበት የተለየው ፕላዝማ እንጂ ሙሉ ደሙ አይደለም። መልሱ «አይ» ከሆነ ሌላ ላቦራቶሪ ይፈልጉ።

ውጤቱ በሊትር ከ5 እስከ 15 ማይክሮሞል ከሆነ የተለመደ ነው። ከ15 እስከ 30 መለስተኛ፣ ከ30 እስከ 100 መካከለኛ፣ ከ100 በላይ ከባድ ይባላል፤ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከዘር የሚመጣ የኢንዛይም ችግር ነው።

ደረጃ 4፦ ድስቱን ያስተካክሉ

አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ቢ12፣ 400 ማይክሮግራም ፎሌትና ከ1.3 እስከ 1.7 ሚሊግራም ቢ6 ያስፈልገዋል።

ፎሌት ከጾም ምግባችን ጋር ይስማማል። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 180 ማይክሮግራም ገደማ አለው፤ ሽምብራም ከዚያ ብዙ አያንስም፤ ግማሽ አቮካዶ 80 ገደማ ይጨምራል። ባቄላ ጎንቆል ሲደረግ፣ ማለትም ሲበቅል፣ ፎሌቱ ከፍ ይላል። ግን ፎሌት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ በእሳትም ይጠፋል። ጎመን ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ አረንጓዴውን ውሃ መድፋት ጥሩውን ክፍል መድፋት ነው። ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ የተከተፈውን ጎመን ከጥቂት ውሃ ጋር ይጨምሩና ከድነው 10 ደቂቃ ያህል ያብስሉት። ምስሩንም ውሃውን በሚጨርስበት ልክ ይቀቅሉት። ወጡን ሦስት ቀን እየደጋገሙ ከማሞቅ የሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሶ ማሞቅ ይሻላል። ለቢ6 ድንችና ሙዝ ይረዳሉ፤ ጠላና አረቄ የሚያበዛ ሰው ግን ፎሌቱን ያጣል።

ቢ12 ሌላ ነገር ነው። በጥራጥሬም በአትክልትም የለም፤ ምንጩ ሥጋ፣ ጉበት፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ነው። ከአጥንቱ የተለየ 150 ግራም የበሰለ ቆሮሶ የቀኑን ፍላጎት ይሸፍናል፤ አምባዛም እንዲሁ። በሾርባ ከተሠራ መረቁን አይድፉ። አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊሊትር፣ ወተት 1.1 ማይክሮግራም ያህል ይሰጣል፤ አንድ እንቁላል ከ0.5 ጥቂት ይበልጣል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እንተወው።

አንጀት በአንድ ጊዜ በተለመደው መንገድ የሚቀበለው ከ1.5 እስከ 2 ማይክሮግራም ነው፤ ከዚያ የተረፈው ውስጥ የሚገባው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የፋሲካ ዕለት በሥጋ መጥገብ የዓመቱን ዕዳ አይከፍልም፤ በየፍስኩ ቀን ጥቂት ጥቂት መብላት ይበልጣል። በሌላ በኩል ደግሞ መደናገጥ አያስፈልግም። ጤነኛ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻልና የ55 ቀን ሁዳዴ ብቻውን አያራቁተውም። ችግር ላይ የሚወድቀው በፍስኩም ሽሮ ብቻ የሚበላው፣ ወይም ቢበላም አንጀቱ የማይቀበልለት ሰው ነው።

ቡናስ? በቀን 1 ሊትር ያልተጣራ ቡና ሆሞሲስቲንን 10 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ ታይቷል። አቦል፣ ቶናና በረካ ቢደመሩ ከዚያ በጣም ያንሳሉ። የዘጌ ቡናዎን ይጠጡ፤ ደም በሚሰጡበት ጠዋት ብቻ ይተዉት።

ደረጃ 5፦ ክኒኑን በቅደም ተከተል ይውሰዱ

ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም በክኒን የሚወሰደው ፎሌት፣ ብቻውን የደም ማነሱን ያስተካክላል፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ሰውየውም ዳንኩ ይላል። ቢ12 ከጎደለ ግን የነርቭ ጉዳቱ ከሥር ይቀጥላል። ስለዚህ ቢ12 ይቀድማል። እጥረት ላለበት በቀን 1000 ማይክሮግራም በአፍ መውሰድ፣ አንጀቱ ደካማ ለሆነም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ መደንዘዝና መንገዳገድ ከጀመረ ግን በመርፌ መጀመር ይሻላል፤ መርፌውን ሐኪም ያዝዛል። ከዚያ በኋላ በቀን ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ይጨመራል። ፋርማሲ ውስጥ የሚሰጥዎት የ5 ሚሊግራም ክኒን ከሆነ ከ0.4ቱ አሥራ ሁለት እጥፍ ተኩል ነውና መለያውን ያንብቡ። ቢ6ን በከፍተኛ መጠን ለብዙ ወራት መውሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ከዚህ ሕግ የሚወጡት ለማርገዝ ያሰቡ ሴቶች ናቸው። የጽንሱ የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ስለሆነ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲዱን ምርመራ ሳይጠብቁ ይጀምሩ።

ደረጃ 6፦ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይተው ይድገሙት

በዚህ ጊዜ ቁጥሩ መውረድ አለበት። ካልወረደ ኩላሊቱን፣ ታይሮይዱንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች እንደገና ያስፈትሹ።

ቁጥሩ መውረዱ ልብን ያድናል ወይ ለሚለው መልሱ ብዙዎች የሚጠብቁት አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤታቸው የወጣው ኖርቪትና ሆፕ-2 የተባሉት ትላልቅ ጥናቶች ቫይታሚኖቹ ሆሞሲስቲንን ቢያወርዱም የልብ ደም ቧንቧ መዘጋትን እንዳልቀነሱ አሳይተዋል። በአንጎል በኩል ነገሩ ይሻላል። በሆፕ-2 ስትሮክ በሩብ ያህል ቀንሷል። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የቻይና ጥናት፣ ደም ግፊት ባለባቸው ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ፣ ኢናላፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት ከ0.8 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ሲሰጥ ኢናላፕሪል ብቻውን ከተሰጠበት ይልቅ የመጀመሪያው ስትሮክ በ21 በመቶ ቀንሷል። እዚያም ቢሆን የግፊት መድኃኒቱ ለሁለቱም ወገን ይሰጥ ነበር። የግፊት ክኒኑን ትቶ ቫይታሚን የያዘ ሰው ልውውጡ አያዋጣውም። ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር ደግሞ ቫይታሚኑን ትቶ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።