ዴልሂ የገባችሁ ቀን፦ ከደላላ ማምለጥና ደጉን ሰው ማግኘት

ዴልሂ ለእንግዳ ከባድ ናት። ክላክሱ አያባራም፣ ባጃጁ፣ ሞተሩ፣ ላሙና እግረኛው በአንድ መንገድ ይጋፋሉ፣ «የት ልውሰዳችሁ?» ባዩም አይጠፋም። ደግ ሰውም ሞልቷል። ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ራሱ ሮጦ የመጣባችሁ ነው፤ የሚረዳው ሥራው ላይ ስላለ ሄዳችሁ ልትጠይቁት ይገባል።

ከኢንዲራ ጋንዲ አውሮፕላን ማረፊያ ተርሚናል 3 ወደ መሃል ከተማ ቀላሉ መንገድ የኤርፖርት ኤክስፕረስ ሜትሮ ነው፤ ኒው ዴልሂ ጣቢያ ለመድረስ 20 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ሌሊት ሜትሮ ስለማይሠራ ቅድመ ክፍያ ታክሲ ያዙ። መስኮቱ ላይ ከፍላችሁ የምትቀበሉትን ወረቀት ግን የሆቴላችሁ በር ላይ ሳትደርሱ ለሾፌሩ እንዳትሰጡ። ሾፌሩ ሂሳቡን የሚያወራርደው በዚያ ወረቀት ነው፤ ቀድሞ እጁ ከገባ መንገድ ላይ ሊያወርዳችሁ ይችላል።

ሾፌሩ «ሆቴላችሁ ተዘግቷል፣ መንገዱም አያሳልፍም» ካለ የቆየ ማታለያ ነው። እሱ በደወለው ስልክ አትነጋገሩ፣ በወዲያኛው ጫፍ የሚያወራው ጓደኛው ነው። የሆቴሉን ቁጥር ከአገራችሁ ሳትወጡ ጽፋችሁ ያዙና ራሳችሁ ደውሉ። ባቡር ጣቢያው በር ላይ «የውጭ ዜጎች ትኬት ቢሮ ተዛውሯል» ብሎ ወደ ውጭ የሚመራችሁም ወደ ጉዞ ወኪል ሊወስዳችሁ ነው። አልፋችሁ ግቡና ውስጥ ያለ ሠራተኛ ጠይቁ።

ዝርዝር ገንዘብ ያዙ፦ ባለ 10፣ 20 እና 50 ሩፒ። ለ500 ሩፒ የባጃጅ ሾፌር መልስ የለኝም ይላል። የተቀደደ ኖት ሲሰጧችሁ አትቀበሉ፣ ሌላ ቦታ አይወስዱላችሁም።

መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ፣ ሕንድ የሚነዳው በግራ ነውና። የከተማው ሰው እስኪሻገር ጠብቁና መኪናው በሚመጣበት በኩል እሱን አድርጋችሁ ጎን ለጎን ሂዱ። እርምጃችሁ አይለዋወጥ፤ ሞተረኛው የሚያሰላው በእሱ ስለሆነ መሃል ላይ ቆም ማለት ወይም ወደኋላ መመለስ ያስገጫል። አውቶቡስ ከመጣ ግን አትድፈሩ፣ አያዞርላችሁም።

አቅጣጫ ስትጠይቁ፣ ለምሳሌ ወደ መሃል ከተማው የገበያ ሰፈር ስትሄዱ፣ «ኮናት ፕሌስ በዚህ ነው?» አትበሉ። ብዙ ሰው እንግዳ ማሳዘን ስለማይፈልግ ባያውቀውም አዎ ይላችኋል። «በየት በኩል ነው?» ብላችሁ አንድ ባለ መድኃኒት ቤትና አንድ የሜትሮ ጥበቃ ጠይቁ፤ መልሳቸው ከገጠመ ሂዱ። የጠየቃችሁት ሰው ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ዘንበል ዘንበል ካደረገ እምቢ ማለቱ አይደለም፣ እሺ ማለቱ ነው። ባለሱቅ ሥራውን ትቶ እስከ ማዕዘኑ ሊሸኛችሁ ይችላል፤ ለእሱ ገንዘብ መስጠት ያስቀይማል፣ ምስጋና ይበቃዋል። ጣቢያ ውስጥ ቀይ ሸሚዝ የለበሱት ሻንጣ ተሸካሚዎች ግን ሥራቸው ነውና ሻንጣው ከመነሳቱ በፊት ዋጋ ተስማሙ።

የከተማዋን ደግነት በአንድ ቦታ ማየት ከፈለጋችሁ ለፓቴል ቾክ ሜትሮ ቅርብ ወደሆነው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ቤተ አምልኮ፣ ባንግላ ሳሂብ ሂዱ። ሃይማኖት ሳይጠየቅ፣ ለመጣ ሁሉ በነጻ ምግብ ይሰጣል። ጫማችሁን ጫማ ማስቀመጫው ላይ አስረክቡ፣ ፀጉራችሁን ሸፍኑ (ሻርፕ ከሌላችሁ በሩ ላይ ታገኛላችሁ)፣ እግራችሁን ውኃው ውስጥ ነክራችሁ እለፉ። ወለሉ ላይ በረድፍ ትቀመጣላችሁ፤ ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ምንጣፍ ላይ ነው። አስተናጋጁ ዳል የሚባለውን የምስር ወጥ ከባልዲ በጭልፋ ይቀዳላችኋል፣ ሮቲውን ቂጣ ደግሞ ሁለት መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ተቀበሉ። የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ውሰዱ፣ ይጨመራል፤ ማስተረፍ ግን ነውር ነው። ከበላችሁ በኋላ ሳህን ማጠብ ወይም ቂጣ መዳመጥ ብትፈልጉ ማንም አይከለክላችሁም።

ሴት ተጓዦች በሜትሮው በአብዛኞቹ መስመሮች ባቡሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ መሆኑን እወቁ፤ መሬቱ ላይ በሮዝ ቀለም ተጽፏል። አደጋ ከገጠማችሁ 112 ደውሉ፣ ለቱሪስት እርዳታ ደግሞ 1363።