ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለእንግዳ የመኪና ማቆሚያ እንዴት ይታቀዳል?

እሁድ ረፋድ ላይ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ በመኪና የወረደ ያውቀዋል። ዓሣው ጋ ሳይደረስ ትዕግስት ያልቃል። ስለ ማቆሚያ ሲወራ ሁሉም “ቦታ ይጨመር” ይላል። እኔ ግን ሜትር ከመያዛችሁ በፊት ደብተር ያዙ እላለሁ።

መጀመሪያ ቁጠሩ። አንድ ተራ ቀንና አንድ እሁድ ምረጡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየዞራችሁ የሰሌዳውን የመጨረሻ ሦስት ቁጥር ጻፉ። አንዲት ነጭ ቪትዝ ከበሩ አጠገብ፣ ጥላው ስር፣ በየዙሩ ካገኛችኋት የእንግዳ አይደለችም። እዚያው ሰፈር የሚሠራ ሰው መኪና ናት። እንዲህ ያሉትን ራቅ ወዳለ ቦታ ማዛወር ብቻውን ስንት ቦታ እንደሚለቅ ስታዩ ትገረማላችሁ።

ቀጥሎ ሒሳቡ። በሰዓት 60 መኪና ይገባል፣ አንዱ በአማካይ 2 ሰዓት ይቆያል እንበል። 60 በ2 ሲባዛ 120 ነው። ግን 120 ቦታ ብቻ ካዘጋጃችሁ የመጨረሻዋን ክፍት ቦታ ፍለጋ ሁሉም ሲዞር ይውላል። 85 በመቶው ሲያዝ እንዲበቃ አድርጉ፤ 120 ለ0.85 ሲካፈል 141 ገደማ ይመጣል። መተላለፊያውን ጨምሮ ለአንድ መኪና 25 ካሬ ብትይዙ ከ3,500 ካሬ ሜትር በላይ ማለት ነው።

አንዱ ቦታ 2.5 በ5 ሜትር፣ መተላለፊያው 6 ሜትር ይሁን። ለዊልቸር ተጠቃሚ 3.6 ሜትር ስፋት፣ ያውም በሩ አጠገብ። አውቶቡስ እንግዳ አውርዶ ሌላ ቦታ ይጠብቅ። ለባጃጅም ማውረጃ ለዩለት፤ ካልለያችሁለት ራሱ ይለያል፣ መሀል መንገድ ላይ።

ትኬት ቆራጩን በሩ ላይ አታቁሙት። “ዝርዝር የለኝም” የሚል አንድ ሾፌር ከመጣ ሰልፉ አስፋልቱን ይዘጋል። 30 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ካስገባችሁት አራት አምስት መኪና ግቢው ውስጥ ይሰለፋል። በቴሌብር መክፈል ቢቻልማ ግልግል ነው። “ሞልቷል” የሚለው ሰሌዳም ሐይቁ ዳር ሳይሆን ገና ገብርኤል አደባባይ ላይ ይታይ።

ዛፍ አትቁረጡ፤ ጥላ ያስፈልጋል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የሚያድርበትን ዛፍ ስር ግን ለመኪና አትስጡ። አንዴ አቁሜ ስመለስ መስታወቱ በኩሱ ነጭ ሆኖ፣ ወደፊት ማየት አልቻልኩም!

የበዓል ቀን ሌላ እቅድ ይፈልጋል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤል ስለሆነ ቀድሞ ይታወቃል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ ግን ቀኑ የሚነገረው አያንቶዎቹ (የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች) ኮከብ አይተው ነው። ስለዚህ በዓሉ በሚከበርበት ሜዳ፣ በጉዱማሌ ዙሪያ የሚተከሉት ምልክቶችና ገመዱ ቀድመው ተዘጋጅተው ይቀመጡ፤ መኪኖቹ ርቀው የሚቆሙበት ሜዳና ከዚያ ሰው የሚያመላልሱት ሚኒባሶችም ቀድመው ይለዩ። ቀኑ እንደተነገረ ማውጣት ብቻ ይሆናል።