በሁጎ የአማርኛ ድረ ገጽ እንዴት ተሠርቶ ይተዳደራል?

ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ለሚለጥፍ ሰው ዎርድፕረስ የተባለው የታወቀ የድረ ገጽ መሥሪያ ብዙ ጊዜ ይበዛበታል። ዳታቤዙ (የመረጃ ማከማቻው) አለ፣ ፕለጊኑ (ተጨማሪ ፕሮግራሙ) አለ፣ ሁሉም በየጊዜው አፕዴት ይፈልጋል። ችላ ካሉት ደግሞ ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታል። ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ሁጎ ግን ጽሑፍዎን ቀድሞ ያለቀለት ገጽ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ የሰርቨሩ ሥራ ፋይሉን ማቀበል ብቻ ነው። ሁጎ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ፣ ጎ (Go) በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነጻ ፕሮግራም ነው።

መጀመሪያ ይጫኑት። ማክ ላይ በሆምብሩ፣ ዊንዶውስ ላይ በዊንጌት በተባሉ የፕሮግራም መጫኛዎች ይገባል። የፋይል ለውጥ የሚከታተለው ጊትም ያስፈልግዎታል። ከዚያ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍተው «ሁጎ ኒው ሳይት» ብለው የሳይቱን ስም ያስከትሉ። (ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።) ፎልደሮች ይፈጠራሉ። የእርስዎ ዋና መዋያ «ኮንቴንት» የሚለው ነው።

ቀጥሎ ቴም (የሳይቱን መልክ የሚወስን ዝግጁ ንድፍ) ይምረጡ፤ ከሚያምረው ይልቅ ቀላሉ ይሻላል። አብዛኞቹ ቴሞች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ስለሆነ ሁለት ነገር ይንኩ። ፎንቱን እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ባለ ይቀይሩ፤ የመስመሩንም ክፍተት ትንሽ ያስፉ። ኢታሊክንም ቢያጠፉት ይሻላል፤ የተጋደመ የግእዝ ፊደል ዓይን ያደክማል። የሳይቱ ቋንቋ አማርኛ መሆኑንም የማስተካከያ ፋይሉ ላይ ይግለጹ።

አሁን ይጻፉ። እያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ የማርክዳውን ፋይል ነው፤ ማርክዳውን ርእሱና ድምቀቱ በቀላል ምልክት የሚገለጽበት ተራ ጽሑፍ ነው። የፋይሉን ስም ግን በላቲን ፊደል ያድርጉት። አንድ የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የኮምፒውተር የፊደል አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሊንክ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ሆሄ ወይም ቁጥር ይሆናል። «ሰላም» የምትለዋ ባለ ሦስት ፊደል ቃል 27 ምልክት ሆና ትወጣለች። እንዲህ ያለ ሊንክ ቴሌግራም ላይ ሲላክ ቫይረስ ይመስላል፤ ማንም አይነካውም።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያስለቅሰው ቀኑ ነው። በፋይሉ አናት ላይ ርእስ፣ ቀንና «ድራፍት» (ገና ረቂቅ ነው ወይስ አይደለም) የሚል መስመር አለ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉ። 2017 ዓ.ም. ብለው ካስገቡ ሁጎ የሚያየው የፈረንጆቹን 2017 ነው፤ አዲሱ ጽሑፍዎ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከዝርዝሩ ግርጌ ይወሸቃል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ብለው ከጻፉማ ጭራሽ ስህተት ነው ብሎ ይቆማል።

ሰዓቱም ወጥመድ አለው። የሰዓት ክልል ካልነገሩት ሁጎ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከዚያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። አዲስ አበባ ተቀምጠው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 09:00 ብለው ቢለጥፉ፣ ለሁጎ ያ ጽሑፍ ገና የወደፊት ነው። የወደፊት ጽሑፍን ደግሞ ገጽ አድርጎ አያወጣም። ቀን 6 ሰዓት ሲያልፍም ራሱ ብቅ አይልም፤ ሁጎ እንደገና እስኪሮጥ ይጠብቃል። መፍትሔው ማስተካከያ ፋይሉ ላይ የሰዓት ክልሉን አንዴ መሙላት ነው።

ከመልቀቅዎ በፊት «ሁጎ ሰርቨር» ብለው ብራውዘር ላይ በፖርት 1313 (localhost:1313) ይዩት። ፋይሉን ሴቭ ባደረጉ ቁጥር ገጹ ራሱ ይታደሳል። ድራፍት የሚታየው ግን በትእዛዙ ላይ ሰረዝና ትልቁ ዲ (-D) ሲጨመር ነው። እቤት እየታየ ኢንተርኔት ላይ የጠፋ ጽሑፍ ካለ መጀመሪያ ድራፍት የሚለውን መስመር ይፈትሹ።

ማስቀመጫው የጊትሀብ የድረ ገጽ ማስተናገጃ የሆነው ጊትሀብ ፔጅስ ቢሆን ነጻ ነው፤ የታተመው ሳይት ከ1 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ብቻ። ሥራን በራሱ የሚያስኬደውን ጊትሀብ አክሽንስን አንዴ ካስተካከሉ፣ ፋይል በጊት በላኩ ቁጥር ሳይቱን ራሱ ሠርቶ ያወጣዋል። ፎቶ ግን አሳንሰው ይላኩ። ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የወጣ ባለ አራት ሜጋባይት ፎቶ ካርድ ሞልቶ የገባን አንባቢ መቅጣት ነው።

ጥገናው ቀላል ነው፣ አንድ ነገር ካልረሱ፦ የሁጎን ቨርዥን ቁጥር አክሽንሱ ውስጥ ቆርጠው ይጻፉ። «የመጨረሻውን አምጣ» ካሉት፣ አንድ ቀን አዲሱ ሁጎ ከድሮው ቴም ጋር ይጣላና እርስዎ ምንም ሳይነኩ ሥራው ይቆማል። የቀድሞው ሳይት አይጠፋም፤ አዲሱ ብቻ አይወጣም። ማሻሻል ሲያምርዎ ኮምፒውተርዎ ላይ ሞክረው፣ ዋና ዋና ገጾቹን ከፍተው አይተው፣ ከዚያ ቁጥሩን ይቀይሩ። የመልእክት መቀበያ ፎርም ከፈለጉ ግን ሁጎ ብቻውን አይችለውም፤ የውጭ አገልግሎት ይጠይቃል። የኢሜይል አድራሻ ወይም የቴሌግራም ሊንክ ማስቀመጥ ይቀላል።