ለአዲስ አበባ አየር የሚስማማ ፕሮፔለር

የአምራቹ ሠንጠረዥ ለኤሌክትሪክ ሞተሬ 10 በ7 ኢንች ፕሮፔለር (ዲያሜትሩ 10፣ ፒቹ ማለትም በንድፈ ሐሳብ በአንድ ዙር ወደፊት የሚጓዘው ርቀት 7) ቢያዝም፣ የመለማመጃ ሞዴል አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ላይ ሜዳውን ሊጨርስ ሲል ይነሣና ከፍታ ለመያዝ ይለግም ነበር። ባትሪው ሙሉ እያለ በዋትሜትር ስለካው የሚስበው አምፔር ከሠንጠረዡ በታች ሆነ፤ ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ሞተሩ ሸክም ቀልሎለታል። (የነዳጅ ሞተር ቢሆን ስሌቱ ይለያል፤ እሱ ራሱ በሳሳ አየር ጉልበት ያጣልና።)

ዲያሜትሩን አራት ጊዜ እርስ በርሱ፣ ውጤቱንም በፒቹ በማባዛት ሸክሙን በግምት ማነጻጸር ስለሚቻል 11 በ5.5 መረጥሁ፤ ይህም በሳሳው አየር ሠንጠረዡ ከሚፈቅደው ሸክም 90 በመቶ ያህሉ ነው፤ ሰፊ ዲያሜትርና ዝቅተኛ ፒች ደግሞ ከፍጥነት ይልቅ ጉተታ ስለሚሰጥ ለመለማመጃ ይሻላል። የፕሮፔለሩ ጫፍ በ1.3 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ መሬት ስለቀረበ የፊት ጎማውን ዘንግ ማስረዘም ግድ ሆነ።

አሁን አምፔሩ ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ጣሪያ በታች ነው፤ አውሮፕላኑም ሜዳውን ሳያጋምስ ይነሣል። ድሬዳዋ ይዤው ብወርድ ግን እዚያ አየሩ ስለሚወፍር አምፔሩን ዳግም ሳልለካ አላበርረውም።