አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ፦ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ስትኖሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አዲስ ገቢዎችን ስቀበል ዓመታት አልፈዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ አብሬያቸው እሄዳለሁ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስመዘግባለሁ፣ የሆስፒታል ሥራ ማመልከቻ እሞላላቸዋለሁ። ይህን ሁሉ ደስ ብሎኝ ነው የማደርገው። አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ብዙዎቹ በገቡ በወራቸው ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ያላዩትንና ያላነበቡትን በእርግጠኝነት ያወራሉ። ጥፋቱ የነሱ ብቻ አይደለም። ኤርፖርት የተቀበላቸው ዘመድ ገና ሻንጣ ሳይወርድ "ከጥቁሮቹ ራቁ" ብሏቸዋል። ሰሞኑንም ይህንኑ ምክር ሲሰጥ ሰማሁ። በየሰዉ ቤት እየዞርኩ ከምናገር አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

"እኛ ሐበሻ ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም" ማለት

ሐበሻነታችሁን የሚወስድባችሁ የለም። ቋንቋችሁም፣ እምነታችሁም፣ ማዕዳችሁም የናንተው ነው። ነገር ግን በዚህ አገር መንገድ ላይ የሚያያችሁ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቆዳችሁን ነው። ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ ለማስረዳት ጊዜ የሚሰጣችሁ የለም።

ሙሉጌታ ስራውን ሁላችሁም ልታውቁት ይገባል። ሊማር አሜሪካ የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ኖቬምበር 13 ቀን 1988 ፖርትላንድ፣ ኦሪጎን ውስጥ ስኪንሄድ የሚባሉ ነጭ ዘረኞች ጭንቅላቱን በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ያጠቁት ጥቁር ስለሆነ ነው። በኋላ በ1990 ፍርድ ቤት ገዳዮቹን በአስተሳሰብ ባነሳሳው ቶም ሜዝገር፣ በልጁና በድርጅታቸው፣ በገዳዮቹም ላይ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። የሙሉጌታ ቤተሰብ ያንን ክስ ሲመሠርት ከጎናቸው የቆመው ለጥቁር አሜሪካውያን መብት ሲከራከር የኖረው የደቡብ ድህነት ሕግ ማዕከል ነበር።

አማዱ ዲያሎም ከጊኒ የመጣ ስደተኛ ነበር። በ1999 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ አራት ፖሊሶች 41 ጥይት ተኮሱበት። የጦር መሣሪያ አልያዘም፤ እጁ ላይ የተገኘው የገንዘብ ቦርሳው ነው። ስደተኛ መሆኑ አላዳነውም።

ደግሞም ምረጡ ያላችሁ የለም። የ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ "ጥቁር" ከሚለው ሥር የትውልድ አገር መጻፊያ ቦታ ነበረው፤ ከምሳሌዎቹ አንዱም ኢትዮጵያዊ የሚል ነበር። ሁለቱንም መሆን ይቻላል።

"እኔ በአምስት ዓመት ቤት ገዛሁ፤ እነሱ በዚህ ሁሉ ዘመን ምን ሲሠሩ ነበር?"

ይህን ጥያቄ ከቡና ላይ እስከ ሠርግ አዳራሽ ሰምቼዋለሁ። ትዕግሥቴን የሚጨርሰው እሱ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ያለ መልስ እሰጣለሁ።

ባርነት እስከ 1865 ሕጋዊ ነበር። ሰው በሰው ንብረትነት ተመዝግቦ ይሸጥ ነበር። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ገደማ በደቡቡ ክፍል በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በአውቶቡስ፣ በምርጫ ጣቢያ ሁሉ በሕግ ተለዩ። ሠርተው ከብረው ያሳዩም ነበሩ። ተልሳ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ግሪንዉድ የሚባል ሀብታም የጥቁሮች ሰፈር ነበር። ሆቴል፣ ቲያትር ቤት፣ የሐኪም ቢሮ ነበረው። በ1921 የነጭ መንጋ በሁለት ቀን አቃጠለው። ከሺህ በላይ ቤት ወደመ፤ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም አንከፍልም አሉ።

አሁን ወደ ቤት ግዢው እንምጣ። በ1930ዎቹ መንግሥት የከተሞችን ካርታ አሠርቶ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች በቀይ ቀለም አስቀባ። በቀይ ለተቀባ ሰፈር የመንግሥት ዋስትና ያለው የቤት ብድር ማግኘት ከባድ ነበር። ወደ ነጭ ሰፈር ልሂድ ቢሉ ደግሞ የቤቱ ውል ላይ "ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም" የሚል አንቀጽ ተጽፏል። ዛሬ እናንተ አፓርትመንት የተከራያችሁበት፣ የሐበሻ ሱቅ በየጥጉ የሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ ራሱ እንዲህ ያለ ውል የሞላበት ከተማ ነበር። ጥቁር ሰው ሊሠራበት ይመጣል እንጂ ቤት ገዝቶ አይኖርበትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እነዚህን ውሎች ፍርድ ቤት እንዳያስፈጽማቸው ወሰነ። ቤት ሲሸጥና ሲከራይ በዘር መለየትን የከለከለው የፌዴራል ሕግ ግን የወጣው በ1968 ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ከሳምንት በኋላ።

ሂሳቡን ሥሩት። በ1945 የተወለደች ጥቁር ጎረቤታችሁ ያ ሕግ ሲወጣ 23 ዓመቷ ነበር። አባቷ መክፈል እየቻለ ቤት ያልተሸጠለት ሰው ሊሆን ይችላል። በዚህ አገር ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ሀብት የሚያወርሰው በቤት ነው። ልጅ ኮሌጅ የሚገባውም፣ ንግድ የሚጀመረውም ቤት አስይዞ ነው። እናንተ በአምስት ዓመት ቤት የገዛችሁት ጎበዞች ስለሆናችሁ ነው፤ ሁለት ሥራ ስትሠሩ አይቻለሁ። ግን ቤቱን ስትገዙ አንሸጥላችሁም ያላችሁ ሰው የሌለው ያ ሕግ ስላለ ነው።

እዚህ አገር የገባነውስ እንዴት ነው? በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ የኮታ ሥርዓት የተሻረው በ1965 ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያን በየጎዳናው እየተደበደቡ የመምረጥ መብት ሕግን ባስወጡበት በዚያው ዓመት። ሰውን በዘር መመዘን ነውር ነው የሚለውን ሐሳብ ምክር ቤቱ ደጃፍ ያደረሰው የነሱ ትግል ነው። የ1980 የስደተኞች ሕግና በ1990 የተደነገገው ዲቪ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ሲከፈት የቆሰሉት እነሱ ናቸው፤ እኛ በተከፈተው ገባን።

ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ከመኪና መውረድ

ይህ ስህተት ሕይወት ያስከፍላል። አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆም ሹፌሩ ወረቀቱን ይዞ ይወርዳል፤ ጨዋነት ነው። ከደሴ የመጣ አንድ መምህር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ እዚህ ያንኑ አደረገ። ሌሊት ነው። በሩን ከፍቶ ወረደ፤ መንጃ ፈቃዱን ሊያወጣ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከተተ። ፖሊሱ ሽጉጡን መዝዞ ጮኸ። እሱ የሚባለውን በቅጡ አልሰማም፤ ደንግጦ ቆመ። እግዚአብሔር ጠብቆት እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። ፖሊሱ ያስቆመው የኋላ መብራቱ ስለተቃጠለ ብቻ ነበር።

ስለዚህ፦ ዳር ያዙ። ሞተር አጥፉ። ሌሊት ከሆነ የውስጥ መብራት አብሩ። ሁለቱንም እጅ መሪው ላይ አድርጉ። ፖሊሱ ሳይጠይቅ ወደ ኪስ ወይም ወደ ዳሽቦርድ አትዘርጉ፤ ሲጠይቅም "መንጃ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ላውጣው" ብላችሁ ተናገሩና ቀስ ብላችሁ አውጡ። ከመኪና ውረዱ ካልተባላችሁ አትውረዱ። ክርክር ካላችሁ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው፣ በተለይ ለወንዶቹ፣ ገና መኪና መንዳት ሳይደርሱ ቁጭ አድርገው ይነግሯቸዋል። ከሚሞቱ ልጆች የተማሩት ነው። የኛ ወላጆች ግን "ልጄ ጨዋ ነው፣ ማን ይነካዋል" ብለው ዝም ይላሉ። እባካችሁ ዝም አትበሉ። እንዴት እንደሚነገር ካላወቃችሁ ሥራ ቦታ ያለችውን ጥቁር አሜሪካዊት እናት ጠይቋት። በደስታ ትነግራችኋለች።

ልጅን "ከጥቁር ልጆች ጋር አትዋል" ማለት

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው ያለኝ፦ "ትምህርት ቤት ጥቁር ነህ እባላለሁ፤ ቤት ስገባ ጥቁር አይደለህም ይሉኛል። የቱን ልሁን?" አባቱን አውቀዋለሁ። ልጁን ይወዳል። ፍርሃቱም ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሐሺሽ፣ ጋንግ፣ ጠብ ይፈራል። ግን የሚፈራውን ነገር በቀለም መለየት አይቻልም። የልጁን ጓደኛ ስም ጠይቁ። ቤት ጥሩት። እናቱን ደውላችሁ ተዋወቁ። ማታ የት እንደሚያመሽ እወቁ። ልጁ ፀጉሩን ስለተሠራ ወይም እንደ ጓደኞቹ ስለተናገረ "ተበላሸ" ብላችሁ በዘመድ ፊት አታዋርዱት። ይህ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ አገር ጥቁር ሰው ሆኖ ነው የሚኖረው። ጥቁር መሆን ውድቀት ነው ብላችሁ ካሳደጋችሁት ራሱን በምን ዓይን ይየው?

ለኮሌጅ ሲያመለክትም ሃዋርድን፣ ሞርጋን ስቴትን፣ ቦዊ ስቴትን "የጥቁሮች ነው" ብላችሁ አትሰርዙ። ሃዋርድ በ1867 የተመሠረተ፣ ሐኪምና ጠበቃ ሲያወጣ የኖረ ዩኒቨርሲቲ ነው።

"ባሪያ" የሚለውን ቃል በአማርኛ ስለሆነ አይሰሙም ብሎ መናገር

ይሰማሉ። ትርጉሙንም ብዙዎች አውቀውታል። ባይሰሙም ልጆቻችሁ ይሰማሉ። ይህን ቃል በቤቴ የሚናገር ሰው ሁለተኛ አልጋብዘውም። ከሙዚቃ የተማራችሁትን፣ ጥቁሮች ሲሰደቡበት የኖረውን የእንግሊዝኛውን የ"ኤን" ቃልም አትድፈሩት፤ እነሱ እርስ በርስ ቢባባሉም።

ተሳፋሪን በቀለም መርጦ ማንሳት

አብራኝ የምትሠራ ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ አለች። የሌሊት ሥራ ጨርሳ፣ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች ዝናብ ላይ ቆማ ታክሲ ስትጠራ አልፏት ሄደ፤ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ነጭ ሰውዬ አነሳ። ሹፌሩ የኛ ሰው ነው። በማግስቱ "ወንድሞችሽ ምን አድርጌያቸው ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዋሽንግተን ሰውን በዘር መርጦ ማለፍ በሕግ ክልክል ነው። ሱቅ ያላችሁም ገዢን በመደርደሪያው መሀል እየተከተላችሁ አትጠብቁ፤ ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ሲጠበቅ የኖረ ነው።

ሰላም ሳይሉ ማለፍ

ይህ ከኛ አይጠበቅም። ጥቁር አሜሪካውያን፣ በተለይ ትልልቆቹና ከደቡብ የመጡት፣ ሰው ሲያልፍ ሰላም ይላሉ። አንገት ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ "እንዴት ነሽ ዛሬ" ይላሉ። እኛ አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን፣ ወይም ቦርሳ ጠበቅ እናደርጋለን። ትልቅ ሰው በስሟ ብቻ አይጠሩም፤ "ሚስ" ብለው ስሟን ያስከትላሉ። እኛ እትዬ ብለን አድገን ይህ እንዴት ይጠፋናል?

ፀጉራቸውንም አትንኩ። "የራስሽ ነው?" ብላችሁም አትጠይቁ።

ታሪካችንን ከነሱ ታሪክ ለይቶ ማየት

"ኢትዮጵያን ይወዳሉ፣ እኛ ግን አናውቃቸውም" ያለኝ አንድ ወጣት ልክ ነው። ዛሬ ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ያለው የአቢሲንያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው በ1808 ነው። በ1935 ጣሊያን ሲወረን ጥቁር አሜሪካውያን በየከተማው ሰልፍ ወጡ፣ ከድህነታቸው ገንዘብ አዋጡ፣ ሊዘምቱ ተመዘገቡ። አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል መርቷል፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ አብራሪ አሠልጥኗል። በ1954 አዲስ አበባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ሐኪሙ መላኩ በያን ሃዋርድ ነው የተማሩት፤ ባለቤታቸው ዶሮቲ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። በ1937 ኒውዮርክ ላይ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አባላቱ በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ።

ይህን ባለማወቃችን ዋሽንግተን ውስጥ ዩ ስትሪት ላይ ሰው አስቀይመናል። ኪንግ ሲገደሉ በ1968 ከተነሣው ረብሻና ቃጠሎ በፊት ያ ሰፈር የጥቁሮች የሙዚቃና የንግድ ማዕከል ነበር። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚያ አካባቢ ነው። ከቃጠሎው በኋላ ለዓመታት ሲደኸይ የኖረውን ሰፈር የኛ ሰዎች ምግብ ቤት እየከፈቱ እንዲያንሰራራ ረድተዋል፤ ልፋታቸው የሚከበር ነው። ሆኖም በ2005 ገደማ "ሊትል ኢትዮጵያ" ይባል ሲባል የሰፈሩ ነባር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ብዙዎቻችን ምቀኝነት መስሎን ተቆጣን። ሰዎቹ ግን የወላጆቻቸውን ሰፈር ስም ነው የጠበቁት። ንግድ የምትከፍቱ ከሆነ መጀመሪያ ነባሮቹን ሂዱና ተዋወቁ። የሰፈር ስብሰባ አለ፤ ግቡ። ከሰፈሩም ልጅ ቅጠሩ።

ግብዣ ሲጠሩ "እሺ" ብሎ መቅረት

የሥራ ባልደረባችሁ ጁንቲንዝ ላይ ጓሮዋ ጥብስ አለና ኑ ካለች የምሯን ነው። ጁን 19 በ1865 ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን የነበሩ ባሮች ነፃ መውጣታቸው የተነገረበት ቀን ነው፤ ከ2021 ጀምሮ የፌዴራል በዓል ሆኗል። ሂዱ። ጥግ ይዛችሁ በአማርኛ አታውሩ። ቀኑ ሰኔ 12 ስለሚውል የሐዋርያት ጾም ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ቀድማችሁ ንገሯት፣ አትቀየምም። ጎመኑን ግን ሳትጠይቁ አታንሡ፤ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ወይም ከቱርክ ሥጋ ጋር ነው የሚቀቀለው። ምስር ወጥና እንጀራ ይዛችሁ ብትሄዱ ለናንተም ይሆናል፣ እነሱም አያስተርፉትም።