ቀረፋ ያለው ቢራ ዕጣን አጠገብ አይከፈትም

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ፣ በካልሲ የጠቀለላቸውን አምስት ጣሳ ቢራዎች ከሻንጣው አወጣ። እዚያ መፀው ሲገባ፣ ዱባ ሲደርስና ቅጠል ሲረግፍ፣ ትንንሾቹ ጠማቂዎች ቀረፋ፣ ገውዝ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል የገባበት፣ «የዱባ ቢራ» የሚባል ቢራ ያወጣሉ። ባሕር ዳር ቤታችን ተሰብስበን ሁለቱን ጣሳ በከንቱ ጨረስናቸው። ጥፋቱ የቢራው አልነበረም። በማግስቱ ሁለቱን ደግሞ ረጋ ብለን ቀመስናቸው፣ ያው ቢራ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። ያጠፋነውን እነሆ።

ዕጣን ማጨስ

ትልቁ ስህተታችን ይሄ ነበር፤ የመጣውም ከእንግዳ አክባሪነት ነው። እንግዳ መጥቷል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ምጣድ ላይ ይንጣጣል፣ ዕጣኑ ከማጨሻው እየተትጎለጎለ ነው። ወንድሜ በዚህ መሀል ጣሳውን ከፈተው። ሁላችንም በየተራ ብርጭቆውን አሽትተን «አቤት ደስ ሲል!» አልን። ያሸተትነው ዕጣኑን ነበር።

ምላስ ጣፋጩን፣ መራራውን፣ ጎምዛዛውን ይነግረናል። ቀረፋን ከቅርንፉድ የሚለየው ግን አፍንጫ ነው፤ የቢራው ቅመም ደግሞ ከወጥ ቅመም ጋር ሲነጻጸር ሹክሹክታ ነው። ስለዚህ ቢራው ከቡናው በፊት ይቀመስ፣ ወይም ወደ በረንዳ ይውጣ። ሽቶም፣ ፀጉር ላይ ያለ ቅቤም ያው ናቸው። አፍንጫዎ ከሰለቸ የራስዎን ክንድ ያሽትቱና ይመለሱ፤ ሲያዩት ያስቃል እንጂ ይሠራል።

«በረዶ ይሁን!»

ባሕር ዳር ሞቃት ናት። ጣና ዳር ተቀምጦ ድራፍት ለሚያዝ ሰው ቅዝቃዜው ግማሽ ደስታው ስለሆነ አልከራከረውም። ቅመም ያለበትን ቢራ ግን ቅዝቃዜ አፉን ይዘጋዋል። ሽታ ከብርጭቆ ተነሥቶ አፍንጫ የሚደርሰው ፈሳሹ ትንሽ ሲሞቅ ነው። ከማቀዝቀዣ አውጥተው 15 ወይም 20 ደቂቃ ያቆዩት፤ 10 ወይም 12 ዲግሪ ሲደርስ ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ብርጭቆው እጅዎን ቀዝቀዝ እንጂ ቆርጠም ካላደረገው በቂ ነው።

ከጣሳው መጠጣት፣ ወይም ብርሌ ማምጣት

ከጣሳ የሚጠጣ ሰው አፍንጫው ቆርቆሮ ላይ ነው ያለው። አጎቴ ደግሞ ለክብሩ ብሎ ብርሌ አወጣ። ብርሌ ለጠጅ ያማረ ነው፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ግን አፍንጫ አያስገባም። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ይሻላል። ግማሽ ብቻ ይቅዱ፣ የቀረው ቦታ ለሽታው ነው። ብርጭቆው ላይ የሳሙና ወይም የዓሣ ዘይት ርዝራዥ ካለ አረፋው ወዲያው ይሞታል፣ በደንብ ያለቅልቁት።

ሲከፍቱም ይጠንቀቁ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ቀለል ስለሚል ዝቅተኛ ቦታ የታሸገ ቢራ እዚህ ሲከፈት አረፋው ይበዛል። በአውሮፕላንና በባጃጅ ሲናጥ የመጣ ከሆነማ፣ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ይረፍ። የእናቴ ነጠላ ይህን ትምህርት ተቀብሏል።

ዱባውን መፈለግ

«ዱባው የታለ?» የማይል የለም። ጣሳው ላይ ዱባ ተሥሏላ! እውነቱን ለመናገር ዱባ በቢራ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ጣዕም የለውም፤ ስኳሩን እርሾው ይበላዋል። ካሊፎርኒያ ሄይዋርድ ውስጥ ቡፋሎ ቢልስ የተባለውን ትንሽ መጥመቂያ የከፈተው ቢል ኦውንስ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አጋማሽ ዱባ ጠብሶ ከብቅሉ ጋር አደባለቀ። ሲቀምሰው ዱባ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ የዱባ ኬክ ቅመም ገዝቶ፣ በቡና ማፍያ አፍልቶ ጨመረበት። ዛሬ «የዱባ ቢራ» የምንለው ጣዕም ያ የኬክ ቅመም ነው። አንዳንዱ ጭራሽ ዱባ አይገባበትም። የዱባ ወጥ የሚያምርዎት ከሆነ ወጡን ይሥሩ።

በጠላ ሚዛን መመዘን

ጠላ የምትጠምቀው አክስቴ አንድ ጊዜ ቀምሳ «አልደረሰም» አለች። ጌሾው አልታያትም፣ በወይራ የታጠነው የጋኑ ጭስም የለም። ልክ ናት፣ ግን ሚዛኑ የሌላ ነው። ፈረንጆቹ በጌሾ ፋንታ ሆፕ የተባለ ሌላ ተክል ይጠቀማሉ፤ በዚህ ዓይነቱ ቢራ ደግሞ ቅመሙ እንዳይሸፈን ሆን ብለው ይቀንሱታል። መራራነቱ ላላ፣ የተቆላ ብቅል ጣፋጭነቱ ጎላ ማለቱ ጉድለት አይደለም። ይልቅ ቅመሙ ከብቅሉ ጋር ተዋህዷል ወይስ ላዩ ላይ ተንሳፏል? ብለው ይጠይቁ። የተንሳፈፈ ከሆነ ቢራ ሳይሆን የሻይ ቅመም ይጠጣሉ፤ እኔ እንዲህ ያለውን አልወድም።

ጽሑፉን አስቀድሞ ማንበብ

ወንድሜ ጮክ ብሎ «ቀረፋ፣ ገውዝ…» እያለ ካነበበ በኋላ ሁሉም ሰው ቀረፋ ሸተተው። በማግስቱ ጣሳውን ደበቅነው። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና፣ አጠር አጠር አድርጋ አሸተተች፤ አንድ ጉንጭ ይዛ ዋጠችና በአፍንጫዋ ተነፈሰች። «ገውዝ አለው፤ ገውዙ ግን ተፈጭቶ የሰነበተ ነው።» የበርበሬ ቅመም ለዓመታት የደለዘ አፍንጫ ከማንኛውም ቀማሽ አያንስም፣ ሰው ካልነገረው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቅርንፉድ የሸተተ ሁሉ ቅርንፉድ የገባበት አይደለም። የጀርመኗ ባቫሪያ የስንዴ ቢራ እርሾ ያለ አንዳች ቅመም ይህን ሽታ ያወጣል። አብሮት ሙዝ ሙዝ የሚል ካለ እርሾውን ይጠርጥሩ።

ከሚጥሚጣ በኋላ

በሚጥሚጣ ከተለወሰ ዓሣ ዱለት ቀጥሎ መቅመስ ድካም ነው። አልኮሉና ጋዙ ማቃጠሉን ያብሱታል እንጂ አያበርዱትም። ድፎ ዳቦ፣ ወይም ሎሚ ብቻ የነካው የተጠበሰ ቆሮሶ ይስማማዋል።

ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ

ሐይቁ ዳር የቀትር ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ በደቂቃዎች ውስጥ መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ብርሃን የሆፑን መራራ ንጥረ ነገር ይሰብረዋል። ጣሳና ቡናማ ጠርሙስ ይከላከላሉ፣ ብርጭቆ ግን አይከላከልም። ጥላ ይፈልጉ። ጣፋጭነቱም አያታልልዎት፤ አንዳንዱ እስከ 8 በመቶ አልኮል አለው፣ ሞተር ሳይክልዎን ቤት ይተዉት።

ለከርሞ ማቆየት

ጠጅ አይደለም። የቅመሙ ሽታ በወራት ውስጥ ይደክማል፣ ብቅሉም የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያመጣል። በወቅቱ መጠጣት አለበት። አምስተኛውን ጣሳ አጎቴ «ለሚመጣው መስቀል» ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ቁልፉን እስካሁን አልሰጠንም።